ማንም ያላየው አውራ ዶሮ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ጠባዩ አብሮኝ የተወለደ ይሁን ከሥራዬ የተጋባብኝ እንጃ። የምሠራው ናይሮቢ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ «ክትትልና ግምገማ» በሚባል ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ ባጭሩ ማየት ነው። ተቆፈረ የተባለው ጉድጓድ መቆፈሩን፣ ተተከለ የተባለው ፓምፕ ውሃ መስጠቱን በዓይኔ አይቼ፣ «አይቻለሁ» ብዬ ፈርሜ እመለሳለሁ። ታዲያ እኔ በሄድኩበት ሁሉ ውሃው ይፈሳል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቁኛል፤ ኮሚቴው አንድ ሰው ሳይጎድል ይገኛል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ቆዳቸው እስኪላጥ እጃቸውን ይታጠባሉ። አንድ ቀን መነጽሬን ረስቼ ከግማሽ መንገድ ብመለስ፣ ፓምፑ በሰንሰለት ተቆልፏል፣ ኮሚቴው ተበትኗል፣ የጉድጓዱ ክዳን ላይ አንዲት ፍየል ተኝታ ታመሰኳለች። መነጽሬን አንስቼ፣ ፍየሏን ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጤና የለኝም። የፍሪጁን በር ስዘጋ፣ መብራቱ በርግጥ ይጠፋል ወይ እያልኩ ቆሜ አስባለሁ። ሊፍት ውስጥ ብቻዬን ስገባ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት እዚህ ምን ሲደረግ ነበር እላለሁ። ቢሮ ስገባ ወሬ የያዙ ሰዎች ጸጥ ካሉ እጠረጥራለሁ፤ ጸጥ ካላሉ ደግሞ ይበልጥ እጠረጥራለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ!

እንዲህም ሆኜ ግን በመጠርጠር ከእኔ የሚልቅ ሰው አለ። አማቴ እትዬ በላይነሽ ናቸው።

እትዬ በላይነሽ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት። ልጃቸውን አግብቼ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ከገባን ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥተው ጠይቀውናል። ሦስቱንም ጊዜ በዓል አብረውን አሳልፈዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ግን ከቤቴ ሥጋ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። «ሆዴን አሞኛል» ይላሉ። ሆዳቸው የሚታመመው እኔ ቤት ሥጋ ሲቀርብ ብቻ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በሰው አገር ሥጋውን ማን ባረከው፣ ማን አረደው፣ በማን ስም አረደው የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

«ማን አረደው?» ይሉኛል።

«እኔ ነኛ፣ እትዬ።»

«ስታርደው አይተሃል?»

«አርጄው እንዴት አላይም?»

«እንጃ!»

ይቺ «እንጃ» አጥንቴ ድረስ ትሰማኛለች። ምክንያቱም፣ ለእናንተ መደበቅ ምን ይጠቅመኛል፣ ጥርጣሬያቸው ልክ ነበር። እኔ በሕይወቴ ዶሮ አርጄ አላውቅም። ደም ማየት አልችልም። በዓል ሲደርስ ሱፐርማርኬት እሄድና፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ድንጋይ የደረቀ በላስቲክ የታሸገ ዶሮ አነሳለሁ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ላስቲኩን እገፍፋለሁ። ከዚያ በሳፋ አድርጌ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ የደከመው ሰው መስዬ ቤት እገባለሁ። ባለቤቴ አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች። ትዳር ማለት እኮ ግማሹ ይኸው ነው።

ዘንድሮ እትዬ በላይነሽ ለአራተኛ ጊዜ መጡ። የመጡት ለዓይናቸው ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው፣ የቀኙን እዚህ አንድ ሐኪም ቤት አስገፈፍንላቸው፤ የግራው ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ የታከመው ዓይን ተሸፍኗል፣ ያልታከመው አያይም፣ በሁለቱም ላይ ጥቁር መነጽር ተደርጎባቸዋል። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። ሐኪሙ ጾሙን እንዲተዉት ቢመክራቸው፣ «እኔ ዓይኔን እንጂ ሆዴን አላሳየሁህም» አሉት።

ባለቤቴ ለሥራ ወደ ሌላ አገር የምትሄድ ዕለት በር ላይ ያዘችኝ።

«ስማ» አለችኝ፤ «እማዬ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ልጄ ቤት ጾም መፍታት ካልቻልኩ፣ ዓይኔ እንደዳነ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛም አልመጣም› ብላኛለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። አልመጣም ካለች አትመጣም። ፍልሰታ ሲፈታ እናቴ አንተ ቤት ሥጋ መብላት አለባት።»

«አንተ ቤት» ያለችውን ልብ በሉልኝ። ደህና ነገር ሲሆን «ቤታችን» ነው የምትለው። ሻንጣዋን እየጎተተች ሊፍት ውስጥ ገባች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ቤት የቀረነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ አማቴና ልጄ ማኅሌት። ማኅሌት፣ እኛ ማሂ የምንላት፣ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንቱታ አልዋጥላት ብሎ አያቷን «አንቺ» ትላለች፤ እሳቸውም ከሌላ ሰው የማይታገሡትን ከእሷ በደስታ ይቀበላሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሽሮአችንን እየበላን ሳለ አያቷ «ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። ማሂ የመመረቂያ ጽሑፏን እያዘጋጀች ነበርና ፊቷ በራ።

«ፊዚክስ ነው፣ እማማ። ኳንተም ይባላል። ላይክ፣ በጣም በጣም ትንሽ ነገር አለ እንበል፣ ከአቧራ የሚያንስ። ፊት ለፊቱ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንድ በአንድ ስትለቂያቸው፣ ማንም ካላያቸው፣ ከቀዳዳዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የሚሠሩት መስመር እያንዳንዱ በሁለቱም ቀዳዳ እንዳለፈ ነው የሚመስለው። በየትኛው እንዳለፈ ለማየት መሣሪያ ካስቀመጥሽ ግን፣ መስመሩ ይጠፋል። ሁሉም በአንዱ ብቻ ያልፋል።»

ጉርሻዬ አየር ላይ ቀረ። ፍየሏ ትዝ አለችኝ። ለካ ዓለም ሁሉ ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ሥርዓት የምትይዝ ፕሮጀክት ናት! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የገጠር ኮሚቴ ስጠረጥር፣ ዋናው ኮሚቴ ሌላ ቦታ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ግን ምንም አልደነቃቸውም። «ሳይታይስ በፊት በየትኛው ነበር ያለፈው?» አሉ።

«እማማ፣ ኤግዛክትሊ! ጥያቄው እኮ እሱ ነው። አንዳንዶቹ ሳይንቲስቶች ‹ካልታየ መልስ የለውም› ይላሉ። አንዳንዶቹ ‹ሁለቱም ሆኗል፣ ዓለም ራሷ ሁለት ሆናለች› ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ‹መልስማ አለው፣ ግን የተደበቀ ነገር አለ› ይላሉ።»

«የተደበቀ ነገር አለ!» አሉ እትዬ በላይነሽ ጥቁር መነጽራቸውን ወደ እኔ አዙረው። «እኔ ከነዚህኞቹ ጋር ነኝ። ለመሆኑ አየ የሚባለው ማን ነው? ክርስቲያን ነው?»

ማሂ ሳቀች። «ማሽንም ሊሆን ይችላል። ማን ኦብዘርቨር እንደሚባል ራሱ ገና አልተስማሙም። መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው ሲከራከሩ።»

«ሰው ባያይ እግዜር ያያል። እሱን ጨምረሽ ጻፊ።»

እኔ አንገቴን ደፍቼ ሽሮዬን በላሁ። ይሄ ትምህርት የእኔን ዶሮ ከማን ሰማ እያልኩ ስጠረጥር፣ እትዬ በላይነሽ ማዕዱ ሳይነሳ ፍርዳቸውን ሰጡ። ለጾም መፍቻ የሚሆነው ዶሮ ከነሕይወቱ ይመጣል። እኔ አርዳለሁ፤ እሳቸው ይቆማሉ። ዓይናቸው ስለማያይ ማሂ በእሳቸው ፈንታ ታያለች።

«ልጅቷ የተማረች ናት» አሉ። «ያላየችውን አይቻለሁ አትልም። ደግሞ ልንገርህ፤ መንገድ ላይ ከሞተ በክት ነው። በክት እቤት አይገባም።»

ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠዋቱ ሳውዝ ሲ የሚባል ሠፈር ሄድኩ። እዚያ «ማማ ኩኩ» የሚሏት ሴትዮ አለች፤ ዶሮ በቁም ትሸጣለች። የሠፈር ዶሮ፣ ቀይ፣ ጅራቱ የተንዠረገገ አውራ ዶሮ አሳየችኝ። ዝምታው አላማረኝም። «ጤነኛ ነው?» አልኳት። «ሙዜ፣ እንደ አንተ ጠንካራ ነው» አለችኝ። ሙዜ ማለት እዚህ አገር ሽማግሌ ማለት ነው። እኔን እንደ ጤነኛ ቆጥራ የምትፈርድ ሴት የሌላውን ጤና ታውቃለች ብዬ አላምንም፤ ግን ምርጫ አልነበረኝም። እግሩን በሲባጎ አስራ፣ የዘይት ካርቶን ውስጥ ከታ፣ በቴፕ አሽጋ፣ የካርቶኑን ጎን በቢላ ሁለት ቦታ ቀደደችልኝ። ሁለት ቀዳዳ! ቆሜ ትንሽ አየኋቸው፤ ከዚያ ታክሲ ጠራሁ።

መጀመሪያ ላይ ካርቶኑ ጭኔ ላይ ሆኖ ይንኳኳ ነበር። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «ምንድን ነው የያዝከው?» አለኝ። «መጻሕፍት» አልኩት። መጻሕፍቱ ተራገጡ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ሞምባሳ ሮድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመና ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ያን ጊዜ ካርቶኑ ጸጥ አለ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው፤ ሆን ብሎ ይመስለኛል። ካርቶኑን ነቅነቅ ሳደርገው አንድ ከባድ ነገር ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። ሕያው ዶሮም እግሩ ከታሰረ ይንከባለላል፣ የሞተም ይንከባለላል። በቀዳዳው ላጮልቅ ዓይኔን አስጠጋሁና መለስኩት። ካየሁት አወቅኩት። ሞቶ ከሆነና ካወቅኩ፣ ልጄ ፊት ልዋሽ ነው። ካላየሁት ግን ገና አልሞተም። ስልኬን አውጥቼ ለማሂ ደወልኩላት።

«ማሂ፣ እኔ ካርቶኑን እስካልከፈትኩት ድረስ ዶሮው አልሞተም አይደል?»

«ዳድ፣ ኖ! ዶሮ ፓርቲክል አይደለም እኮ። ትልቅ ነገር ነው። አየሩ ይነካዋል፣ ካርቶኑ ይነካዋል፣ ሙቀቱ ይወጣል። ማየት ማለት እሱ ነው። ሁሉም ነገር አይቶታል፤ ያላየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ቢሮም ውስጥ የሚገጥመኝ ይኸው ነው። ስልኩን ዘጋሁና ቀዳዳዎቹን በእጄ ሸፈንኳቸው። ወዲያው ደግሞ እያፈንኩት ቢሆንስ ብዬ እጄን አነሳሁ። ኪሊማኒ እስክንደርስ እንዲሁ ስሸፍንና ስከፍት ነበርኩ።

የሕንፃችን በር ላይ «ማንኛውንም እንስሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ። የተለጠፈው አምና ነው፤ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አንድ በግ ሲጮህ ውሎ ካደረ በኋላ። የማን በግ እንደነበረ እኛ ሐበሾቹ ሁላችንም እንጠረጥራለን፤ የተነፈሰ ግን የለም። በሩን የሚጠብቀው አስካሪ፣ ማለት ዘበኛው፣ ጆሴፍ ይባላል። ጨዋ ሰው ነው፤ በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ያቺን ብረት የምትፈትሽ ዱላውን ካርቶኑ ላይ አዞራት። ዝም አለች።

«ሙዜ፣ ምንድን ነው?»

«ዕቃ ነው።»

«ክፈተው።»

አሁን ነገሩን እዩልኝ። ዶሮው በሕይወት ካለ ጆሴፍ አያስገባኝም። ከሞተ እትዬ በላይነሽ አያስገቡኝም። ካርቶኑ ተዘግቶ ሳለ ግን ሁለቱም ሊያስገቡኝ ይችላሉ። መቶ ዓመት የተከራከሩት ሊቃውንት አንዳቸውም እንደዚህ ካርቶን ታቅፈው በር ላይ የቆሙ አይመስለኝም።

«አልከፍትም» አልኩት።

ጆሴፍ ፈንጂ ጠርጥሮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔን አውርዶ ቆሞ የነበረው ባለ ታክሲ ይሄን ሲያይ ደህና ዋል ሳይል ፈተለከ። ማዶ ተሳፋሪ የሚጠብቁት ሁለት ባለ ቦዳቦዳዎች ሞተራቸውን እየገፉ ራቅ አሉ፤ ርቀው ግን አልሄዱም፣ ማየት ይፈልጋሉ። ጆሴፍ ሬዲዮኑን አፉ ላይ አደረገ። እኔ በድንጋጤ ለማሂ ደወልኩ፤ ማሂ አያቷን በክንዷ ይዛ ወረደች።

«ዶሮው የታለ?» አሉ እትዬ በላይነሽ ከሩቁ፣ ሠፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።

ማሂ ለጆሴፍ በስዋሂሊ አስረዳችው። ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገና በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በሕይወት አለ?» አለኝ።

«አይታወቅም» አልኩት።

«እንዴት አይታወቅም? ካለ አይገባም። ከሞተ ሥጋ ነው፣ ይግባ።»

ማሂ ለአያቷ ተረጎመችላቸው። «ምን ይላል ይሄ ሰውዬ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ካለ ይገባል። ከሞተ አይገባም። ንገሪው!»

ማሂ ነገረችው። ጆሴፍ እትዬ በላይነሽን አየ፤ እሳቸውም ባያዩትም ወደ እሱ ዞሩ። ሁለት በረኛ፣ ሁለት ሕግ፤ መሐላቸው እኔና ካርቶኑ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ እዚያ ቦታ በመጫኛ የተጣልኩት እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ የታረቁት በጆሴፍ ብልሃት ነው። ከበሩ ውጭ፣ በአጥሩ ሥር ሣር ያለበት ቦታ አለ። እዚያ ይታረድ፤ ሲገባ ሥጋ ነው። እትዬ በላይነሽ አሰቡበትና «አእምሮ ያለው ሰው ነው» አሉ። እኔን በዚህ ቃል ጠርተውኝ አያውቁም።

ቴፑን ላጥኩት። ሁላችንም ጎንበስ አልን። አውራ ዶሮው በጎኑ ተጋድሟል፤ ዓይኑ ተከድኗል፤ ላባው አይንቀሳቀስም። ይሄ ሁሉ መንገድ፣ ይሄ ሁሉ ውርደት፣ ነገ ደግሞ ሻንጣ። «ሞተ?» አሉ እትዬ በላይነሽ። ልመልስ አፌን ስከፍት አንድ ዓይኑን ገለጠና አየኝ። ስንት ዓመት ሰው ስገመግም ኖሬ እንደዚያ የገመገመኝ ፍጥረት አጋጥሞኝ አያውቅም። ጮኸ፤ ማሂም ጮኸች፤ ባለ ቦዳቦዳዎቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባውን ሲሰሙ እትዬ በላይነሽ ተቆጡ። «የሰው ዓይን ሊበላው ነው እንዴ!» ብለው ነጠላቸውን አወለቁና እንደ መጋረጃ እንዲያዝ አዘዙ። በአንድ ጫፍ ማሂ ያዘች፤ በሌላው ጫፍ ጆሴፍ ያዘ፣ ሰው እንዳይጠጋ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። «አንቺ ብቻ እይ» አሏት ማሂን። ምሥራቁን በስልኬ ፈለግኩ፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ ሁለት የተለያየ ምሥራቅ አሳየኝ፤ ማሂ አስተካከለችው። ጠዋት ቪዲዮ አይቼ እንደተማርኩት ክንፉንና እግሩን በጫማዬ ረገጥኩ፣ ራሱን ያዝኩ፣ ማሂ ከቤት ያመጣችልኝን ቢላ አነሳሁ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ!» አልኩ። ድምፄ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይበልጥ ነበር። ከዚያ የሆነው ሆነ። ጫማዬ ሥር ተንፈራገጠ፣ እጄ ሞቀ፣ ቀስ እያለም ጸጥ አለ።

«ማኅሌትዬ፣ አየሽ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

ማሂ አዎ ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በልቤ በያት፣ በያት እላለሁ።

«ሶሪ፣ እማማ» አለች። «አልቻልኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ዘበኛውስ?»

«ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።»

ጥቁሩ መነጽር ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«አይቻለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። በየወሩ የምፈርምበት ቃል ነው፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ልጄ ግን አጠገቤ ቆማለች፤ ያላየችውን አላየሁም ብላ ገና መናገሯ ነው። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ።

«እትዬ፣ እኔም ጨፍኜ ነበር» አልኩ። «ደግሞም… ከዚህ በፊት አርጄ አላውቅም። የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ያ ሁሉ የበዓል ዶሮ ከሱፐርማርኬት ነበር።»

ማሂ አፏን ይዛ ቀረች።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «የማላውቅ መስሎህ ነው?»

«ያውቁ ነበር? ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ዓይኔ ደህና እያለ አንተ ቤት ሦስት ጊዜ ዶሮ ወጥ ቀርቦልኛል። ሦስቱንም ጊዜ አንገት የለውም። አሥራ ሁለት ብልት የሚወጣው ዶሮ አንገቱ የት ሄደ? አንገት የሌለውን ዶሮ በየት በኩል አረድከው? ‹ስታርደው አይተሃል› እያልኩ የምጠይቅህ እውነቱን እንድትነግረኝ ብዬ ነበር።»

ሱፐርማርኬቱ ዶሮውን የሚያሽገው አንገቱን ቆርጦ ነው፤ እኔ ሙያተኛው ገምጋሚ ይሄን ሁሉ ዓመት ልብ አላልኩትም። እትዬ በላይነሽ ጎንበስ አሉና በጣታቸው ሣሩን ዳሰሱ፤ እርጥቡን ሲያገኙ ጣታቸውን አሸተቱ።

«አሁን ይሄ አልታየም ሊባል ነው?» አሉ። «በስመ አብ ስትል ሰምቻለሁ። ጥርስህ ሲንቀጫቀጭም ሰምቻለሁ። ደሙ ይኸው።»

«እማማ፣ ልክ ነሽ!» አለች ማሂ ነጠላውን ለቃ እየዘለለች። «ምልክት ከተወ ታይቷል ማለት ነው፣ ዓይን አያስፈልገውም። የጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት እኮ ነው!»

«መቶ ዓመት ከሚከራከሩ እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አሉና ነጠላቸውን ተቀብለው አራገፉት። ነገ እበላለሁ ወይም አልበላም ግን አላሉም። ደፍሬ ብጠይቃቸው፣ «ነገን ማን አይቶት!» ብለው ወደ ሊፍቱ ሄዱ። ጆሴፍ ለዶሮው በሩን ከፈተለት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሂ ቁሌቱን ስትሠራ አያቷ ወጥ ቤት በር ላይ ወንበር አስደርገው፣ በመዓዛው ብቻ «አሁን በርበሬውን»፣ «አሁን አርሮብሻል» እያሉ መሯት። እኔ ደግሞ እሳቸው የሚሉትንም የማይሉትንም እየመዘንኩ ዋልኩ። ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር አውጥተው አጠገባቸው አስቀምጠውት አየሁ። ነጭ ልብሳቸውን ለማውጣት ይሁን ለሌላ፣ አልጠየቅኩም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ ተመለስን። ማዕዱ ቀረበ። ማሂ ጸሎቱ እስኪደርስ ድረስ ዓይኗን ከአያቷ ላይ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ።

«ሆዴን…» አሉ።

ያቺን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውቃታለሁ።

«…ሞረሞረኝ» አሉ። «ማኅሌትዬ፣ አንገቱን አውጪልኝ።»

ማሂ በጭልፋው ፈልጋ አወጣችላቸው። ጣቶቻቸው እንጀራው ላይ እየዳበሱ ሄደው አገኙት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩትና ወደ አፋቸው ወሰዱት። ይቺን ደቂቃ ለማየት ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ። ግን ሰው ሲበላ አይታይም፤ ደግሞስ ትክ ብዬ ሳያቸው ቢተዉትስ? ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና፣ ከጀርባዬ አጥንት ሲቆረጠም አዳመጥኩ።